ችግሬን መጻፍ ስላቃተኝ ወዳጃ ተቀመጠልኝ

ስሙኝማ! የያዛችሁትን አስቀምጡና ይቺን ስሙኝ።

ዛሬ ከሰዓት እዚህ መርሳ፣ እናቴ ቤት፣ ጎረቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ ለኔ ዱዓ ሲያደርግ ዋለ።

ታምሜ አይደለም። ታስሬም አይደለም።

ጽሑፍ አልሄድ ብሎኝ ነው!

ሳቁ። እኔም ነገ ሳልስቅ አልቀርም። ዛሬ ግን ፊቴ ገና አልበረደም።

ለማታውቁኝ፦ ግማሹን ክላስ ውስጥ፣ ግማሹን ሽሽት ላይ የተማርኩ የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። ወልድያ ያለ ኮሌጅ ነው። ጦርነቱ መጣ፣ ተዘጋ። ተፈናቀልን፣ ተመለስን፣ ተከፈተ። አሁን የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። እስከ ሰኞ ካላስገባሁ ከዘንድሮ ተመራቂ እሰረዛለሁ።

"ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል" እንዳትሉኝ። እዚህ "የሚቀጥለው ዓመት" የሚል ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። ጦርነቱ ተመልሶ ይመጣል የሚለው ወሬ ገበያ ላይ ከሽንኩርቱ እኩል ነው የሚሸጠው።

ርዕሴ ጦርነቱ ሳይመጣ የጸደቀ ነው። "በመርሳ ዙሪያ የማንጎ ገበያ ችግሮች።" ቆንጆ ርዕስ አይደል? እኔም ያኔ ቆንጆ ነበርኩ።

የቆምኩት የት መሰላችሁ? "የችግሩ መግለጫ" የሚባል ክፍል አለ። የምታጠናው ችግር ምን እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ አስረዳ ነው የሚለው። በቃ። አንድ ገጽ!

ሌላው አልቋል እኮ። ምስጋናው ተጽፏል። ያላመሰገንኩት የለም። ላፕቶፑን ያዋሰኝን የአክስቴን ልጅ፣ ቻርጅ ያደረግሁበትን ፀጉር ቤት፣ የፀጉር ቤቱን ጄኔሬተር ሳይቀር። ማውጫውም ተሠርቷል። የሌለ ነገር ማውጫ! ሽፋኑ ላይ ስሜን በስንት ዓይነት ፎንት እንደሞከርኩት አትጠይቁኝ።

ዩቲዩብ ገባሁ። አንድ ፈረንጅ "እጅህን አታቁም፣ ዝም ብለህ የመጣልህን ጻፍ" አለ። የመጣልኝን ጻፍኩ።

የመጣልኝ ስድብ ነበር።

ሌላው ደግሞ "ቦታ ቀይር" አለ። ወንዝ ዳር ማንጎ ሥር ሄድኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የክላሳችን ጎበዝ "ምን ያጨናንቅሃል፣ የሰው ጥናት ገልብጥና የአገሩን ስም ቀይር" አለኝ። ገለበጥኩ። "ኬንያ" የሚለውን እየነቀልኩ የወረዳችንን ስም "ሀብሩ" ተከልኩበት። አድቫይዘሬ በቴሌግራም ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው?

"ሀብሩ ወደብ አለው እንዴ?"

አፈር በላሁ።

አንዴማ "ጦርነቱን ላስገባው ወይ?" ብዬው ነበር። "ከርዕስህ ውጭ ነው" አለኝ። እሺ አልኩ። እኔ ምን አውቃለሁ! ተመልሼ "የዋጋ መዋዠቅ" ብዬ እጀምራለሁ፣ እጄ ይቆማል። እጀምራለሁ፣ ይቆማል። ጭንቅላቴ በሽሽቱ መንገድ ላይ የወደቀ ነው የመሰለኝ።

እማ ደግሞ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ይሄን ልጅ ዓይን በልቶታል" አለች። "ድሮ አፉ አያርፍም ነበር። አሁን የላፕቶፑን መስታወት ሲያይ ይውላል።"

"እማ፣ ዓይን አይደለም። ራይተርስ ብሎክ ይባላል" አልኳት።

"ስም ካለውማ ጂን ነው!"

ነጠላዋን አንስታ በቀጥታ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሸህ እንድሪስ ዘንድ። አከተመ።

ወዳጃ ለማታውቁ፦ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጫቱ ይዘረጋል፣ ሸሁ መሃል ይቀመጣሉ። ሐጃ ያለው፣ ማለት የቸገረው ነገር ያለው፣ ሐጃውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ቤቱ በሙሉ ይቀበላል። እስላሙ አሚን ይላል፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል፣ ጣራው አይለየውም።

ቤቱ ሞላ። አንዷ እናት ግንባር ላለ ልጇ ለመነች። አሚን! ሌላው ላበጠ እግሩ ለመነ። አሚን! እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እማ "ይዘኸው ግባ፣ ዱዓው እሱም ላይ ይረፍ" ብላኝ እኮ ነው!

"ያንተስ ሐጃ ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?" አሉኝ ሸሁ።

"ጽሑፍ አልሄድ አለኝ፣ ሸህዬ።"

"የምን ጽሑፍ?"

"የችግር መግለጫ።"

"የምን?"

"ችግሩ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ። እኔ... ችግሩን መግለጽ አቃተኝ።"

ሸሁ ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ።

ከዚያ የማንጎ ባለቤቱ አያ ሰይድ ከግድግዳው ጥግ፦ "መርሳ ተቀምጠህ ችግር አጣህ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! እማ ሳትቀር! ወዳጃውን ያስጠራችልኝ እናቴ!

"ከኔ ውሰድ፣ ተርፎኛል!" ይላል አንዱ።

"የጣራዬን ቀዳዳ ጻፍልኝ!" ይላል ሌላው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በሬያቸው በጦርነቱ የተነዳባቸው ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፦ "ኧረ እኔ ጋ ያለው ሁለት ልጅ ያስመርቃል!"

መሬት ብትከፈት ላፕቶፑን ይዤ ነበር የምገባው።

ሸሁ እጃቸውን አነሱ። "ሳቁ ይብቃ። ልጁ ለምኗል። ነገር ግን ያልሰማነውን አሚን አንልም። የጻፍከውን አንብብልን።"

የጻፍኩት! ከዚያች ከኬንያዋ የተረፈች ቁራጭ ነበረችኝ። ከፈትኩና ማንበብ።

"በአሁኑ ወቅት በዓለም አቀፍ ደረጃ የፍራፍሬ ፍላጎት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ መጥቷል..."

"አሚን!"

"ይሁን እንጂ የዋጋ መዋዠቅ..."

"አሚን!"

"ኧረ እዚህ ላይ አሚን አይባልም፣ ችግር ነው!"

"አሚን!" አሉ ከኋላ ጆሯቸው የደከመ አንድ አባት።

ሸሁ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ልጄ፣ ይሄ ዱዓ ነው ዜና?"

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል አያ ሰይድ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ። አሁን ግን አይስቁም።

"ከጦርነቱ በፊት ለዚሁ ለጥናትህ መጥተህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዋና ችግርዎ ምንድን ነው ስትለኝ ምን አልኩህ?"

"ደላላ ነው አሉኝ፣ አያ።"

"ብያለሁ። ረግሜውማለሁ። ማንጎዬን ገና ዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ይቆርጥብኛል ብዬ።" ጫታቸውን አስቀመጡ። "ያ ደላላ ከባድ መሣሪያ የወደቀ ቀን ሞተ። ዘንድሮ ማንጎው በሰለ። ስንት ነው የሚለኝ የለም። የሚለቅምልኝ ልጄም ዘምቷል። መሬት ላይ ዱብ ዱብ ሲል እየሰማሁት ነው የምውል። ያንን ሰውዬ ናፈቅሁት። ይሄን ለአስተማሪህ በለው።"

ማንም አሚን አላለም። ምን ብሎ አሚን ይላል?

እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። አልዋሽም፣ እንባዬም መጣ። ከዚያ አፌ ሄደ።

"ችግሩማ እኮ ይሄ ነው!" አልኩ። "እኔ ይዤ የምዞረው ጥያቄ ድሮ ለነበረ ገበያ የተሠራ ነው። ያ ገበያ የለም! ደላላው ሞቷል፣ ለቃሚው ዘምቷል፣ አይሱዙው ተወስዷል፣ ገዢው መንገዱን ፈርቶ ቀርቷል። ዋጋው አልዋዠቀም! ዋጋ የሚባል ነገር ራሱ የለም! ይሄ ሁሉ እያለ ስለ መዋዠቅ ጻፍ ስባል እጄ እንዴት ይታዘዘኝ?"

ሸሁ ቀስ ብለው፦ "እሱን ጻፈው" አሉኝ።

"አሁን?"

"አሁን። ሐጃህ እኮ ወጣ። አንተ ጻፍና አንብብ፣ እኛ እንቀበልሃለን።"

ይታያችሁ እንግዲህ! ሰው ጸጥ ያለ ላይብረሪ ፈልጎ ይጽፋል። እኔ ጫት ቃሚ፣ አሮጊትና ሸህ ከበውኝ!

አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ አነበብኩ። አሚን! ሁለተኛውን ጻፍኩ። አሚን! አራት ነጥብ ባደረግሁ ቁጥር ጣራው ይነሳል። የሚያመነታበት ጊዜ ያለው ጣት የለም፤ አንድ ቤት ሰው አፉን ከፍቶ ቀጣዩን ይጠብቃላ!

አስተያየትም አለ።

"በሬዬን ረሳኸው!" አሉ እትዬ ብርቄ።

"ጥናቱ ስለ ማንጎ ነው፣ እትዬ።"

"በሬ የሌለው ሰው ማንጎ ምን ያደርግለታል?"

"ማንጎ በበሬ አይታረስም እኮ!"

"ጻፍ ብያለሁ!"

ጻፍኩ። ምን ላድርግ? በሬው ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው ያለው። እሳቸውም አሜን አሉበት።

ገጹ ሞላ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሞላ! እማ እልል አለች። ሸሁ "አብሽር፣ ከፍቶልሃል" ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። እኔ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ላክሁት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

አድቫይዘሬ መለሰልኝ።

"በጣም ግልጽ ነው። እስካሁን ከላክህልኝ ሁሉ ይሻላል።"

አስፋልቱን ልስመው ነበር!

ቀጥሎ ሌላ ሜሴጅ ገባ። "ሆኖም ዲፓርትመንቱ ባጸደቀው ርዕስ ውስጥ ጦርነት የለም። እሱን የሚመለከተውን ሁሉ አውጣና እስከ ሰኞ ላክ።"

እሺ።

ቤት ገብቼ ማውጣት ጀመርኩ። የምመረቅ ሰው ነኝ፣ ጀግና አይደለሁም። ደላላው ወጣ፣ በጦርነቱ ነዋ የሞተው። ለቃሚው ወጣ። አይሱዙው ወጣ። በሬውም የተነዳው በዚያው ነው፣ ወጣ። መጨረሻ ላይ ገጹ ላይ የቀረችው አንዲት ነገር ናት።

"ይሁን እንጂ።"

አፍጥጬ አየኋት። መለስኩት ሁሉንም።

ለእማ ነገርኳት። "አውጣውና ተመረቅ!" አለች ወዲያው። "ፎቶህን ግድግዳ ላይ ልስቀል። ጦርነቱን እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን፣ ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?" እውነቷን ነው። ተስማማሁ። ተነስታ ራት ልትሠራ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ቆይ ግን... አሚን ተብሎበታል እኮ።"

በአጥር በኩል ሸሁን ጠራች። "ሸህዬ፣ አሚን የተባለበትን ጽሑፍ መፋቅ ይቻላል ወይ?"

ሸሁ አሰቡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ያስታውቃል። "ጽሑፉ የልጁ ነው" አሉ። "አሚኑ ግን የሰዎቹ ነው። ሰዎቹን ይሰብስብና እፊታቸው ይፋቀው።"

እፊታቸው! አያ ሰይድ ተቀምጠው እያዩኝ ዲሊት ልጫን!

እማ ተመልሳ ገባች። አየችኝ፣ አየኋት። ስለ ፎቶው ሁለተኛ አላነሳችም።

ስለዚህ ያንኑ ገጽ፣ አንድ ፊደል ሳልነካ፣ በሬውን ጭምር፣ መልሼ ላክሁት። ሰኞ የሚሆነውን ሰኞ አያለሁ። ካልተመረቅሁ የምረቃ ጋዋን ተከራይቼ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ እለብሰው ይሆናል።

ራይተርስ ብሎክ የያዛችሁ ልጆች፣ እኔን አይታችሁ ተማሩ፤ ወዳጃ ፍቱን ነው። ለዲፓርትመንት የሚሆን ዱዓ ግን ገና አልተገኘም።

እናንተ ርዕስ የምታጸድቁ ጌቶቼ፣ በኔ አትቀየሙ። ስሜ መሰረዝ ካለበት ይሰረዝ፣ የእማ ቤት ለእናንተም ክፍት ነው፣ መርሳም ከወልድያ ሩቅ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፦ ከመሃላችሁ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አያ ሰይድ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ዓይናቸውን እያየ "ደላላዎ መሞቱ፣ ልጅዎ መዝመቱ ከርዕስ ውጭ ነው" የሚላቸው የትኛችሁ ናችሁ?