የድንጋዩ ድርሻ

ድንጋይ የማይገኝበት አገር ኖራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይኸው እየኖርኩ ነው። የሱዳኑ ገዳሪፍ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሰሊጡ፣ ማሽላው፣ ትራክተሩ። የኛ ካምፕ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ በጋ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ድንጋይ ግን ለመድኃኒት አይገኝም። ጎንደር እያለን ለውሻ የምንወረውረው ነገር እኮ ነው! እዚህ ውሻ ቢያባርራችሁ ያው መሮጥ ነው።

ታዲያ ያን የመሰለ ውድ ድንጋይ ምን እናደርግበታለን? እናሰልፈዋለን።

ውሃ የሚመጣልን በቦቴ ነው። የዝናቡ ኩሬ ከደረቀ ቆይቷል። ቦቴው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቁት ፈጣሪና ሹፌሩ ናቸው፤ ሹፌሩን ስትጠይቁት ደግሞ «ኢንሻላህ» ብሎ ወደ ፈጣሪ ይመልሳችኋል። በዚያ ሐሩር ማን ቆሞ ይጠብቃል? ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከሩቁ ኮረብታ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይደረድራል። ድንጋዩ ሰልፍ ይይዛል፣ ሰው ጥላ ይይዛል። የኛ ድንጋይ አንድ ጎኑ ተሸርፎ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ይመስል ነበር። እማዬ «ቁርጥ አባቴን!» ትለው ነበር። ይህን ሰልፍ እኮ የለመድነው ቀበሌ እያለን ለስኳር ነው። ከደርግ ሸሽተን ሰልፉን ተሸክመነው መጣን። አልሸሹም ዞር አሉ!

ደግሞ ሰልፉ ቦቴው እስኪመጣ ብቻ ነው። ቦቴው ሲመጣ ድንጋይ የሚያይ የለም፤ ጀሪካን በጀሪካን ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ አንድ ቀን ግንባራቸውን ተፈንክተው ውሃ ሊቀዱ ሄደው ደም ቀድተው መጡ።

ጋሽ መኮንን የሚባሉ አስተማሪ አሉን፤ ጎንደርም ታሪክ ሲያስተምሩ የነበሩ ናቸው። የሰሌን ዳስ ውስጥ ሆነው ስለ ጥንት ሰው ያስተምሩን ነበር። ሰው መጀመሪያ ውሃ ዳር ሰፈረ አሉ። ከዚያ ሥዕል ሣለ። ለሣለው ሰገደ። ከሰገደ በኋላ ሕግ አወጣ። እኔ እጄን አወጣሁና፣

«ጋሼ፣ እኛስ ውሃ ዳር አይደል የሰፈርነው? ወንዛችን ጎማ አለው እንጂ» አልኳቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሊስቁ ብለው ተዉት። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብለው ሰሌዳውን አጠፉት።

እኔ ግን ነገር መጣልኝ። ዘይነባ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ የመተማ ልጅ ናት፣ እዚሁ ያደገች፣ ክሊኒክ የምትጠርግ። ያን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት በትንሽ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። ሁለታችን ነጣ ያለ ትልቅ ድንጋይ ከኮረብታው እያንከባለልን አመጣን። ሁለት የሚያፈጡ ዓይኖች ሣልኩበት። አፍ አልሣልኩለትም፤ በካምፑ አፍ ሞልቷል ብዬ። ሰው ሁሉ በየጥላው ጋደም ሲል ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ገተርነውና ተደብቀን አየን። ምን ፈልገን? መሳቅ። ማን አሽቀንጥሮ እንደሚጥለው ለማየት።

ማንም አልጣለው! አንዱ መጣ፣ ዞሮ አየው፣ «የማን ነው?» አለ። የኔ ያለ የለም። ሌላው መጣ፣ ዞሮት አለፈ። የማንም ካልሆነ የትልቅ ሰው ነዋ! እኛ የመጣንበት አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር የመንግሥት ነው፤ እጅህን ሰብስብ። ሹፌሩም አይቶት «በስመላህ» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ያን ቀን ደግሞ ወደ ሌላው ካምፕ የሚወስደው መንገድ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ ቦቴው ሁለቴ ተመላለሰ። ለሁሉም ደረሰ። አለቀ! ውሃውን ያመጣው ድንጋዩ ሆነ።

በማግስቱ ቀይ ክር ታስሮበት አገኘነው። ክርስቲያኑ የጻድቅ ነው አለ፣ እስላሙ የሼህ ነው አለ፣ አልተጣሉም። በሦስተኛው ቀን ሕግ ወጣ። ፊቱ መጣላት ክልክል። ጀርባ መስጠት ክልክል። ኮረዳ መጠጋት ክልክል። ሰማችሁ? ኮረዳ! እኔ የሠራሁትን!

«ያ ስንዱ፣ ልጅሽ ካደሽ» ብላ ዘይነባ እንደ ዐረብ ጠርታኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተመረጠ። ድንጋዩ የሰልፉ መጀመሪያ ነው አይደል? መጀመሪያ ለተሰለፈ መጀመሪያ ይቀዳል። ስለዚህ በየቦቴው ሁለት ጀሪካን የድንጋዩ ድርሻ ሆነ። ድንጋይ ውሃ ይጠጣል እንዴ? አይጠጣም። ኮሚቴ ይጠጣል። ሊቀ መንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ መኮንን!

ሳቃችሁ? እኔም እስከዚህ ድረስ ስስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም?

እማዬ ታመመች። መጀመሪያ ወባ ነው አሉ፣ ተቅማጥ ተጨመረበት። ክሊኒክ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት በትንሽ ከረጢት ሰጡኝ። በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ አጠጫት አሉኝ። ዱቄቱ አለ። ውሃው የለም።

ያን ሰሞን ቦቴው ግማሹን ብቻ ሞልቶ ነው የሚመጣ። እማዬን ሳስታምም ሽማግሌ ድንጋያችንን ያሰለፍኩት ዘግይቼ ስለነበር ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው። ተራው እየተጎተተ እየተጎተተ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ሹፌሩ ቧንቧውን ዘጋና «ሞያ ማፊ!» አለ። ውሃ የለም ማለቱ ነው። ቀና ስል የድንጋዩ ሁለት ጀሪካን ሞልተው ፊት ቆመዋል። ያልደረሰን እኔና ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ነን። ልክ ሁለት።

ጮህኩ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት! ዓይኑን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ በቁስል መድኃኒት! ጥፍሬን እዩት!»

እትዬ ጥሩ አማተቡ። «ልጄ፣ እናትሽ ታማብሽ ነው፤ አፍሽን ያዢ፣ ይሰማሻል» አሉኝ።

ይሰማኛል? ጆሮ አልሣልኩለትም እኮ!

ጋሽ መኮንን ክንዴን ይዘው ከሰው ለዩኝ።

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኖቹን ሳይ ነው ያወቅሁሽ። ደብተርሽ ላይ እኔን እንደዚያ አድርገሽ አይደል የምትሥይኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«ድንጋዩ ከመጣ ወዲህ ማን ተፈነከተ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ባስብ ባስብ አጣሁ። የለም።

«ዛሬ ተራ ድንጋይ ነው ብላቸው ነገ በሱው ይፋለጡበታል» አሉና ከራሳቸው ጀሪካን አንድ ጣሳ ቀዱልኝ። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳቸው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አመሰገንኳቸው።

አንድ ጣሳ ምን ያህል ነው? ከዚያ በኋላ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ፤ ሁሉም ያለው ጠብታ ነው፣ ጠብታ ሰጡኝ። እማዬ ሦስት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ቀን የድንጋዩን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትቆጣለች ስል፣

«አንቺ ቀበጥ፣ አፍ የከለከልሽው እንዳይጠጣ ነበር? ይኸው ጠጣ!» ብላ ሳቀች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሳቁ አሳመማት።

ቀበርናት። ለራስጌዋ ምልክት ያስፈልጋል፣ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ሄጄ ሽማግሌያችንን ከሰልፉ አነሳሁት። ገና ሳነሳው ከኋላችን የነበረው ሰውዬ የራሱን ወደ ፊት ገፋ አደረገ። አልፈርድበትም። መቃብሩ ሜዳ ላይ ነው። ድንጋዮቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ እማዬ መጨረሻ ላይ ናት። እዚያም ሰልፍ!

ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ሐምራዊ ቀርታኝ ነበር። ለሽማግሌው ሁለት ዓይን ሣልኩለት። ለቀልድ አልነበረም። ምናልባት እንድታየኝ ብዬ ይሆናል፣ እኔ እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ብሄድ ድንጋዩ ላይ ክር ታስሯል። ሥሩ አንድ ጣሳ ውሃ ተቀምጧል። ሙሉ ጣሳ፣ ኩልል ያለ። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለምነው የነበረ ውሃ ይኸው ደጇ ድረስ መጣላት።

ያለቀስኩ መሰላችሁ? ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ። ማንም የለም። ጉሮሮዬ ደርቋል።

የእማዬ ኮሚቴ እኔ ብቻ ነኝ። በሙሉ ድምፅ አጸደቅሁና ጠጣሁት።