አሥራ ሁለት ጊዜ የታረደው በሬ

በሬ የሚታረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት! የእኛ ሰፈር በሬ አሥራ ሁለት ጊዜ ታርዷል። መቼ እንደሆነ በውል አላስታውሰውም፤ አምና ይሁን ካቻምና... ብቻ ፋሲካ አልፎ፣ የቡሬ መንገድ ገና በዝናብ ሳይጨቀይ ነው።

ታብሌት የያዘ ከብት ቆጣሪ በራፌ ላይ ቆመ። ትሑት ሰው ነው፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣

«አባባ፣ ለፋሲካ ምን አረዱ?» አለኝ።

«አንድ ሰንጋ አረድን፣ ልጄ!»

ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና አመስግኖኝ ወደ ጎረቤት አለፈ።

ልብ በሉ፤ አልዋሸሁም! ሰንጋውን ያረድነው በቅርጫ ነው፤ አሥራ ሁለት አባወራ ሆነን፣ ሥጋውን አሥራ ሁለት ቦታ መድበን፣ ዕጣ ጥለን። (የእኔ መደብ አጥንት ይበዛበት ነበር፤ ይሁን።) ቆጣሪው አሥራ ሁለቱንም ቤት ጠየቀ፣ አሥራ ሁለቱም ቤት «አረድን» አለ። በእኛ አገር «አረድሁ» ማለት ነውር ነው። እኛ «አረድን» ስንል ከነጎረቤታችን ነው፤ እሱ ደግሞ ከነሚስታችን መሰለው! ይኸው ይሉኝታችን አሥራ አንድ በሬ ወለደ።

ሰንበትበት ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር እያለከለከ መጣ።

«አያ ምሕረቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ! በሥጋ አንደኛ ወጣን!»

«በማን ሥጋ?»

«በእናንተ ሰፈር ነዋ! ከፍኖተ ሰላም እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ። እርስዎ ታላቅ ስለሆኑ እርስዎ ቤት ያርፋሉ። መቼም ከበረቱ አንዱን ጣል ማድረግ አያቅትዎ!»

ከበረቴ አንዱን?! በረቴ ውስጥ ያለው በሬዬ ዳማ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ የማርስበት። እምቢ ብል ንፉግ ልባል ነው፤ እሺ ብል ክረምቱን በምን ላርስ? እውነቱን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ምን ልደብቃችሁ፣ «አንደኛ» መባሉ ጣፍጦኝ ዝም አልሁ። ሳሩን እንጂ ገደሉን ያላየሁት በሬ እኔ ነበርሁ!

እንግዶቹ መጡ። ዳማ ሆዬ ከበረት ወጥቶ የአንዱን እንግዳ እጅ ይልስልኛል። «ሞኝ በሬ ካራጁ ይውላል» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር! ሊቀመንበሩ ቢላ መሳል ጀመረ።

ይኼኔ ከጎረቤት አንዲት የአዊ ሴት የተጠቀለለ ቁርበት በትከሻዋ ተሸክማ ከች አለች። የቅርጫችንን በሬ ቆዳ የወሰደችው እሷ ናት። ግቢው መሀል ዘረጋችው።

«ጌቶቼ፣ አሥራ ሁለት በሬ ታረደ አላችሁ?»

«አዎ እናቴ፣ ዳታው እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ዳማ የሚልሰው እንግዳ።

«የአንዱ ቆዳ ይኸው፤ የምተኛበት ነው። የቀሩትን አሥራ አንዱን ዳታው የት አንጥፎ ይሆን የሚተኛባቸው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አፌ ተፈታና ስለ ቅርጫው ተናዘዝሁ። እንግዶቹ ሽሮ በልተው ተሸኙ፤ ያ ሁሉ የተሳለው ቢላም ሽንኩርት ከተፈ።

አሁን ሬዲዮው «የአገራችን የሥጋ ምርት አደገ» ባለ ቁጥር ወደ በረት ገባ ብዬ ዳማን አየዋለሁ። አለ። ጆሮውን እያከክሁ ቀንዱንም ነፍሱንም ያተረፈችለትን ሴት እንዳይረሳ ስሟን እነግረዋለሁ፤ እታለም ስንዱ!