የሰው ማስወንጨፊያ ጣቢያ

ጋሽ ድንበሩ ይህን ሕልም ያዩት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሕልም ሌሊት ብቻ ነው የሚታየው ያላችሁ ማነው? የት ተቀምጠው እንዳዩት ለማወቅ አትቸኩሉ፣ እደርስበታለሁ። በፊት ግን እንቅልፉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ከሰንበሌጥ መንደር በላይ ያለው ሜዳ ላይ ሮኬት ማስወንጨፊያ ሊሠራ ነው ከተባለ ወዲህ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ ከርሟል። ወጣቶቹ «ሥራ መጣ፣ መብራት መጣ» ይላሉ። እናቶቹ ደግሞ «ጭሱስ? የሚረግፈው ብረትስ? ነዳጁ ወደ ምንጩ ቢወርድስ?» ይላሉ። ሰንበሌጥ ያላት አንድ ምንጭ ነው፤ እሱም የሚፈልቀው ከዚያው ሜዳ ሥር ነው። የጋሽ ድንበሩ ምራት አስካለ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት አንድ አስወርዷታል። ስለዚህ ሽማግሌው መንደር መንደር ቢሉም፣ እውነቱን ንገሩኝ ካላችሁ፣ የሚፈሩት ለዚያ ሆድ ነበር። በመጨረሻ ወጣቶቹም እናቶቹም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ውሃው ሳይመረመር ምንም ነገር እንዳይጀመር። ይህንን ማስወንጨፊያውን ሊሠሩ ለሚመጡት እንግዶች እንዲናገሩ ጋሽ ድንበሩ ተወከሉ። ሰንበሌጥ ደግሞ እንዲህ ናት፤ አንዴ ሽማግሌ ከወከለች እሱ ያለውን ሁሉም ተከትሎ ይላል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

እሳቸውም ሌሊቱን ሙሉ ንግግራቸውን ሲለማመዱ አደሩ። ለከብቶቹ ተናገሩ፣ ለምሰሶው ተናገሩ። ባለቤታቸው «ኧረ ተኛ አንተ ሰውዬ!» ብትል ማን ሰምቷት። አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሕልሙ እንግባ። ጋሽ ድንበሩ እንደ ማንኛችንም «አዎ» ለማለት አፋቸውን አያደክሙም፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፣ «ህእ!» ብለው። የሳቸው ግን ሲበዛ ኃይለኛ ነው። የማያውቃቸው ሰው ትን ያላቸው መስሎት ጀርባቸውን ሊመታ ይነሳል።

እንግዲህ እንቅልፍ ጣላቸው።

በሕልማቸው ወደ ሜዳው እየወጡ ነበር፤ ዳገቱ ግን ቁልቁል ሆነ። ሰማዩ ከእግራቸው በታች ስለነበር እንዳይረግጡት እየተጠነቀቁ ሄዱ። ዋርካው ሥሩን ወደ ላይ ዘርግቶ ጥላ ሰጥቷል። እዚያ ጥላ ሥር ሮኬቶች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ከዘራውን ተደግፏል፣ አንዷ ልጇን ታጠባለች። ከምታጠባው የሚንጠባጠበው ነገር የነካው ሣር ወዲያው ይነጣል። ይህን አይቶ የደነገጠ ሰው የለም፤ ጋሽ ድንበሩም አልደነገጡም።

«አረፈዱ እኮ» አላቸው አፍንጫው የዛገ ሽማግሌ ሮኬት። «ይቀመጡ። የምንወያየው ስለ ሰው ማስወንጨፊያው ነው።»

ወደ ሜዳው ቀና ሲሉ ሰዎች በተርታ ቆመዋል፣ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ከጎናቸው ለጥፈው። ከእግራቸው ሥር ስስ ጭስ ይወጣል። ሁሉንም ያውቋቸዋል። የወፍጮ ቤቱ ሽብሩ አለ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አለ። በስማቸው ጠሯቸው። አንዳቸውም አልዞሩም፤ ዓይናቸውን ወደ ላይ ተክለዋል።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ፍየል ተነሳች። «ጥናት አድርገናል» አለች እያመነዠከች። «ሰው መተኮስ በጤናም በአካባቢም ላይ የሚያመጣው ጉዳት የለም።»

«መቼ ነው ያጠናችሁት?» አለች ልጇን የምታጠባው ሮኬት።

«እዚህ ስደርስ።»

«መቼ ደረስሽ?»

«አሁን።»

ተጨበጨበላት። ፍየሏም ጥናቱን ከኪሷ አውጥታ በላችው።

እናት ሮኬቷ ግን አልተዋጠላትም። «እኔ ያየሁትን ልናገር» አለች። «ባለፈው ሰው የተኮሱ ጊዜ ጫማው ተነቅሎ ጣሪያዬን በስቶ ገባ። ልጄን ለጥቂት ነው የሳተው። ጩኸቱማ ቤቴ ውስጥ ቀርቷል፤ መስኮት ብከፍትለትም አልወጣ አለ። ደግሞ ሰው ሲወነጨፍ ያለቅሳል። እንባው ወደ ምንጫችን ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን ዝገው ነው የሚወለዱት።»

ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ አሳየች። ሕፃኑ ሮኬት ከአንገቱ በታች ቡናማ ሆኖ ተላልጧል፤ በተነፈሰ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል።

«ጫማውንስ አሳዪን!» አላት አንዱ።

አወጣችው። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፣ ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ። ሽቦውን ያሰሩት ራሳቸው ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ወደ ታች ቢያዩ አንዱ እግራቸው ባዶ ነው።

«እኔ መቼ ተተኮስኩ?» አሉ።

«ገና ነዎት» አለች እናት ሮኬቷ፣ አዝናላቸው።

ይሄኔ አንድ ጎረምሳ ሮኬት ብድግ አለ። «ኧረ በናታችሁ! እናንተ ልማት ሲመጣ ዓይናችሁ ይቀላል። ሥራ እናገኛለን ብለውናል እኮ!»

«የምን ሥራ ነው ልጄ?» አሉት ጋሽ ድንበሩ።

«የወደቀ ሰው መልቀም።»

ሊመልሱለት ሲሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበሩ። ውሃውን ላስመረምር ብለው በብርጭቆ ይዘውት መጥተዋል። ውሃው ግን ከነብርጭቆው ከእጃቸው ወርዶ የሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሸሚዝዎን ይክፈቱ» አላቸው።

«አንተን ላስመረምር ነው እንጂ የመጣሁት!»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን መርማሪዎቹ እኛ ነን።» የማዳመጫውን ቀዝቃዛ ብረት ደረታቸው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

«ምራቴ አለች። ነፍሰ ጡር ናት።»

ውሃው ዝም አለ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ቅባት ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ። ጋሽ ድንበሩ ያንን ዝምታ ፈሩት፤ የሮኬቶቹ ወሬ ሁሉ እንደዚያ አላስፈራቸውም።

«ይድረሱባት» አላቸው ውሃው በመጨረሻ።

ሮጡ። ምንጩ ዳር ሲደርሱ ሴቶች ተሰልፈው እንስራቸውን ወደ ምንጩ ይገለብጣሉ። ምንጩ አፉን ከፍቶ ይጠጣና ይስላል፣ ይጠጣና ይስላል። «ጨምሩልኝ» ይላል፣ አልጋ ላይ እንደከረመ በሽተኛ። የአስካለ ተራ ደረሰ። እንስራዋን ብትገለብጠው የወጣው ጭስ ነው።

«አስኩ ልጄ፣ ነይ ከዚህ እንሂድ» አሏት።

«ዝም ይበሉ አባባ፣ እየቆጠረ ነው።»

«ማነው የሚቆጥረው?»

ሆዷን አሳየቻቸው። ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ። ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ዘጠኝ» አለ። ቆየት ብሎ «ስምንት» አለ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለች ዶሮ «ሰባት» አለች። ከመንደሩ ውሾቹ፣ ወፍጮው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሁሉ ተቀበሉ፤ «ስድስት»።

ዞር ሲሉ አስካለ አጠገባቸው የለችም። ሜዳው ላይ ናት፣ ከሰዎቹ መካከል፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ከእግሯ ሥር ጭሱ ጀምሯል።

ሮኬቶቹ በሙሉ ወደ ጋሽ ድንበሩ ዞሩ። አፍንጫው የዛገው ሽማግሌ ከዘራውን አነሳ። «ተወካዩ እርስዎ ነዎት። ይተኮሱ ወይስ አይተኮሱ? እርስዎ ያሉትን ነው ሁላችንም የምንለው።»

ንግግራቸውን ፈለጉት። ለምሰሶው ያሉት፣ ለከብቶቹ ያሉት፣ ያ ሁሉ ቃል አንድም የለም። «አራት» አለ ሆዱ። «አይሆንም» ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ ጭሱ ገባበት። ብረት ብረት ይላል። «ሦስት።» አስካለ ከዚያ ሆና ታያቸዋለች፣ አባባ ይናገራሉ ብላ እየጠበቀች። «ሁለት።» ትንሽ አየር ቢያገኙ ይጮኹ ነበር፣ ትንሽ ብቻ። ባለ በሌለ ኃይላቸው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ህእእ!»

ነቁ።

ጭብጨባ ነው የሰሙት። ያሉት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ምራቃቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ። የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጋረፋል። እንግዶቹ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ከረባት ያሰረው ሰው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ሰማችሁ አይደል?» አለ። «የውሃው ምርመራ ኋላ ይደርሳል፣ ሥራው ከነገ ይጀመር፣ ይስማማሉ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኳቸው። ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ በጥሞና አዳመጡኝና ከልባቸው ተስማሙ! እንዲህ ያለ አስተዋይ ሽማግሌ አላየሁም!»

«እኔ... እኔ እኮ...» አሉ ጋሽ ድንበሩ። ጉሮሯቸው ደርቋል።

«ውሃ ስጧቸው እንጂ!» አለ ባለ ከረባቱ። አንዱ እንግዳ ከፊቱ ካለው የታሸገ ውሃ አቀበላቸው። ሴቶቹ ከምንጩ ቀድተው ለእንግዶቹ በጆግ ያቀረቡት ውሃ እንደተከደነ ነው።

ከኋላቸው አንድ ድምፅ ተሰማ። የወፍጮ ቤቱ ሽብሩ ነው፤ ሽማግሌው ካሉማ ብሎ ትንፋሹን ሳበ፣ «ህእ»። ቀጥሎ ጡሩምባ ነፊው፣ «ህእ»። ቀጥሎ ስለ ውሃው ሲከራከሩ የከረሙት እናቶች፣ ፊታቸው እንደጠቆረ፣ አንድ በአንድ። ከረድፍ ረድፍ እያለ አዳራሹ በሙሉ አየር እንዳጠረው ሰው ትንፋሹን ይስብ ጀመር።

ጋሽ ድንበሩ ዘለው ተነሱ። «ቆዩ! ኧረ ቆዩ! ተኝቼ ነበር እኮ! እንቅልፍ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «ጨዋታ አዋቂም ናቸው!» አለ ባለ ከረባቱ፣ እየሳቀ።

ምራታቸውን ፈለጓት። አስካለ ወንበር አጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። እሷ አልሳቀችም። ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመዱ ሰምታቸዋለች፤ ግራ ገብቷት ታያቸዋለች፣ አባባ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው እያለች ይመስላል። ጋሽ ድንበሩ በእጃቸውም በራሳቸውም «አይደለም፣ አይደለም» እያሉ በወንበሮቹ መካከል ወደ እሷ ሮጡ። አንዱ በረባሷቸው ወንበር ሥር ተነቅሎ ቀረ።

ሳይደርሱባት ትንፋሿን ሳበች።