ያልተካፈሉት ባና

ባልና ሚስት በተጣሉበት አገር ሁሉ፣ እንባው ሳይደርቅ ደጃፍ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። አስታራቂ አይደለም፤ የሚጠራው እርቁ ሲከሽፍ ነው። ጎረቤላ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር የንብረት አካፋያችን አያ ወልደአረጋይ ናቸው። ከዘራቸውን ግቢው መሃል ይተክሉና፣ «እኩል ይሁን፤ ኋላ እንዳታሙኝ!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ዶሮዋ እንኳ የማን እንደሆነች ሳታውቅ አታድርም።

ባሕር ዛፉን ለባል፣ ጥላውን ለሚስት ሰጡ ተብለው ይታማሉ። ዕዳም አይምሩም። ዘንድሮ ኪዳነ ማርያምና ፍቅርተማርያም ሲለያዩ የወንፈል ዕዳ ነበረባቸው፤ ጎረቤት አርሶላቸው እነሱ ገና አላረሱለትም።

«እህሉን እሷም በልታዋለች፤ እሷም ትረስ!» አለ ኪዳነ ማርያም።

«አንተ ታርሳለህ፣ እሷ ጠላውን ትጠምቃለች። ዕዳው እስኪያልቅ እንግዲህ መተያየታችሁ አይቀርም፤ ምን ይደረግ!» አሉ አያ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

የቀረው የሌሊት ልብሳቸው፣ ባናው ነበር። በዚህ ደጋ የሱፍ ባና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ እሱ በጉን ሸልቷል፣ እሷ ሱፉን ፈትላለች። ቢቆርጡት ደግሞ ለማንም አይሆንም።

ፍቅርተማርያም ቀና ብላ፣ «የእርስዎስ ባና የማን ሆነ፣ አያ?» አለቻቸው።

አያ ከዘራቸውን ነቀሉ። «ይደር» ብለው ወጡ።

ባለቤታቸው ወለተ ሥላሴ ተለይታቸው ደብረ ብርሃን የገባች ጊዜም ያሉት ይህንኑ ነበር። በጎቹን፣ ድስቱን፣ የእህል ጎተራውን በወጉ አካፍለው ባናው ላይ ሲደርሱ «ይደር» አሉ። ይኸው ስንት ክረምት አደረ። ያልተካፈሉት ነገር እስካለ ድረስ ባልና ሚስት ተለያይተው አላለቁም፤ በልባቸው የያዙት ሕግ ይህ ነው። የጋራ ንብረት ነውና ብቻቸውን አይለብሱትም፤ የኅዳርን ውርጭ በጋቢ ይገፉታል። ፀሐይ ሲወጣ ባናውን አጥር ላይ ያሰጣሉ። ብል እንዳይበላው ነው ይላሉ። አጥሩን ግን መኪና መንገዱ በሚታይበት በኩል ነው የሚመርጡት፤ ብል ከደብረ ብርሃን ተሳፍሮ የሚመጣ ይመስል።

የፍቅርተማርያም ጥያቄ እንቅልፍ ነሳቸው። በሚኒባሱ ሹፌር መልእክት ላኩ፦ «ውርጭ ገብቷል። ባናውን አልተካፈልነውም። መጥተሽ ውሰጂው፤ ወይም መጥተሽ ተይው።»

ሹፌሩ ሲመለስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጮኸ፦ «‹የኔንም ድርሻ አንተ ልበሰው፤ በዚህ ብርድ እንዳትታመም› ብላለች! በቃ፣ ሙሉው የእርስዎ ሆነ፣ አያ!»

አያ መንገዱን ትንሽ አዩት። ከዚያ ባናውን ከአጥሩ አወረዱ።

አሁን ይለብሱታል። ግን ግድግዳውን ተጠግተው፣ ግማሹን ብቻ ደርበው ነው የሚተኙት። ሌላው ግማሽ መደቡ ላይ ባዶውን ቦታ ሸፍኖ ያድራል። ጠርዙን በእጃቸው ያስተካክሉና፣ ወደዚያው ወገን ዞረው፣ «እኩል ይሁን» ይላሉ፤ «ኋላ እንዳታሚኝ።»