የሐሙስ ዕለት ሰባት ጭረት

እኔ ነገር ማንዛዛት አልወድም፤ ወሬ ካልሆነ በቀር። በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ የቀበሌያችን ንባብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ። በቃ።

ሰው ሲገባ ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ያነበበውን መጽሐፍ፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት እመዘግባለሁ። ወር ሲያልቅ ግን የበላያችን ከፍተኛው የሚጠይቀኝ ስንት ሰው እንዳነበበ ብቻ ነው። ታዲያ ለአንዲት ቁጥር ያን ሁሉ ስም ምን አስለቀመኝ? መዝገቡን ተውኩና አንድ ሰው ሲገባ አንድ ጭረት መጫር ጀመርኩ። ሌላም ነገር አስቤ ነበር። ማን ምን እንዳነበበ ተጽፎ መቀመጡ በዚያ ዘመን ያስፈራል። ጭረት ማንንም አያስጠራም። እንዴት ኮርቼ ነበር መሰላችሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚያወግዝ መፈክር ተጽፎ ተገኘ። ከድርን ጠርጥረው አሰሩት። ከድር ተማሪ ነው፤ የባለሱቋ የእትዬ ዘይነባ ልጅ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘይነባ እኔ ዘንድ መጡ። ቅዳሜ ወደ ከፍተኛ ሊልኩት ነው አሉኝ። እዚያ ሄዶ የተመለሰ ብዙ አናውቅም። ልጁ ደግሞ ያን ከሰዓት እኔው ጋ ጥግ ይዞ ሲያነብ ነው የዋለው።

«ገብቶ የወጣበትን ሰዓት ብቻ አውጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ምኑን ላውጣ? ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ሐሙስ፣ ሰባት ጭረት። ጭረቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«የኔ ልጅ የቱ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወረቀቱን ይዤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። በእኔ ቃል ብቻ ቢለቀው እሱ እንደሚጠየቅ ነገረኝ። አብረውት ያነበቡት መጥተው ይመስክሩ አለ። የማስታውሳቸውን እየፈለግኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዱ የለም አስባለ፤ ድምፁ ከጓዳ ይሰማኛል። አልፈረድኩበትም፤ የልጆች አባት ነው።

ከሰዓት ቀበሌ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለካ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ኖሯል። ከሰል ሻጯ አለች፣ ጫማ ሰፊው አለ፣ ሁለቱም ዓይናቸው የማያየው ጋሽ ደስታ ሳይቀሩ መጥተዋል። ሁሉም ሐሙስ ዕለት ከከድር ጋር ሲያነቡ ነበር! ሊቀመንበሩ ቆጠራቸው፤ አሥራ ዘጠኝ። ወረቀቴን አየ፤ ሰባት።

«ጋሽ ደስታ፣ እርስዎም ሲያነቡ ነበር?» አለ።

«እኔ ስሰማ ነበር። ያነበበልኝ ከድር ነው።»

ሊቀመንበሩ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። የምሞት መሰለኝ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ መቁጠር አትችልም» አለኝ።

ከድርን ለቀቀው። ግን ለራሱም ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ምስክሮቹን በሙሉ በቋሚ አንባቢነት መዝግብ ብሎ አዘዘኝ። ነገሩን የሚያጣራ ቢመጣ ምን ይባላል? ስለዚህ ውሸታችን እውነት እስኪመስል ድረስ ሁሉም በየከሰዓቱ እየመጡ ተቀመጡ። ከሰል ሻጯ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ትውላለች፤ እኔ እያለፍኩ አቃናላታለሁ።

አንድ ቀን ከድርም መጣ። ከስቷል። ጋሽ ደስታ በዘንጋቸው እየዳበሱ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ፣ ሐሙስ ዕለት የት ደርሰን ነበር?» አሉት።

ከድር ትንሽ አሰበና መጽሐፉን ከመሃሉ ገለጠላቸው።