ዝርያ አጥፊው ዶክተር ፔንጌሊ

እግዜር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ያው ነው» ባይ ሳይመድብ አይቀርም። አዲስ ሐሳብ ስታመጣ ያው የአምናው ነው ይልሃል፤ አዲስ ጫማ ስታደርግ ያው የድሮው ነው። ለእኛ፣ ለአደሌድ ቅሪተ አካል መርማሪዎች፣ የደረሱን ክቡር ዶክተር ራስል ፔንጌሊ ናቸው። ባላንጣዎቹ የከተማችን የኳስ ቡድኖች፣ ክሮውስና ፖርት፣ ያው አንድ ቡድን ናቸው ብለው በአደባባይ ተናግረው በሕይወት የተረፉ ብቸኛው የአደሌድ ሰው እሳቸው ይመስሉኛል።

ሥራችን ዲኖፍላጀሌት ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጡር። ድንጋዩን በአሲድ አሟሟተን የምናገኘው ፍጡሩ በጥንት ዘመን ጥሎት የሄደውን ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ቀንድ አለው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ፍጡሩ ከፍቶ የወጣባት በር አለች። ከሌላው የተለየ ያገኘ ሰው አዲስ ዝርያ ብሎ ይሰይመዋል። በራስ ስም መጥራት ነውር ስለሆነ ለወዳጅ ወይም ለዘመድ መታሰቢያ ያደርገዋል። ከዚያ ዶክተር ፔንጌሊ ይመጣሉ።

ወንበር ይስባሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በማይክሮስኮፑ ያያሉ። «እም» ይላሉ። ያቺን «እም» የሰማ ሰው ለቀብር ይዘጋጅ።

«ያው ነው የኔ ልጅ። ይሄኛው ትንሽ ተጨፍልቋል እንጂ ያው ነው።»

ሁለት ስም ለአንድ ዝርያ ከወጣ ቀድሞ የወጣው ይጸናል፣ የኋለኛው ይሰረዛል። ሕጉ ነው። ባልደረባችን መርል ትሬዛይዝ ስድስት ዝርያ ሰይማ ስድስቱንም ሰርዘውባታል። አንደኛው በሟች እናቷ ስም ነበር። ያን ዕለት መርል መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። እሳቸው በመስኮቱ ሻይ አቀበሏት፤ ስሙን ግን አልመለሱላትም።

በእሳቸው ስም የተጠራ ዝርያ የለም፤ ማን ደፍሮ? ጡረታቸው ሲቃረብ ግን ይኸው ነገር ያንገበግበን ጀመር። ይህን ያህል ዘመን ዓይናቸውን ያፈሰሱበት ሙያ ስማቸውን ሳይዝ ሊሸኛቸው ነው። እኔና መርል እሳቸው እንኳ ሊሰርዙት የማይችሉት ዝርያ ልናገኝላቸው ተማማልን። ክረምቱን ሙሉ ፈለግንና አገኘን። በዘመዶቹ ሁሉ ከታች የሚረዝመው የግራ ቀንድ ነው፤ የእኛው ግን ቀኙ ይረዝማል። በስማቸው ሰየምነው፣ ጽሑፉን አዘጋጀን፣ ፎቶውን ከነስሙ ክፈፍ ውስጥ አስገባንና በመሰናበቻው ምሳ ላይ ሰጠናቸው።

«ለኔ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩና፣ «እም» አሉ።

«ዶክተር፣ በፈጠረዎት! ዛሬን እንኳ ይተዉን!» አልኳቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዋናውን ልየው።»

«አሳያቸው ባክህ» አለች መርል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? እስቲ እናያለን።»

ላሚንግተን የሚባለው የቸኮሌት ኬክ ገና ሳይቆረስ ከማይክሮስኮፑ ጠሩን። «በሯን እያት። ከላይኛው ገጽ ናት ከታችኛው?»

ቅርፊቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከፊቱ ሆነህ የኋላው ይታይሃል። ማስተካከያውን ቀስ አድርጌ ሳዞረው በሯ ጠርታ የወጣችው ከታችኛው ገጽ ነበር። ጀርባውን የሰጠን መስሎን እንጂ ደረቱን ነበር የሰጠን። ስለዚህ ቀኝ ያልነው ግራ ነው፤ ረጅሙም የግራው ቀንድ ነው፣ እንደ ዘመዶቹ ሁሉ።

«ያው ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን ሰለለ።

እኔ ተቃጠልኩ። «ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ እኮ» አሉና መርልን ሳያዩ፣ «የሷን እናት ሰርዤ የራሴን ባቆም፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

መርል ሄዳ ትልቁን ላሚንግተን በሳህን አመጣችላቸው።

ጽሑፉን ጣልነው። ፎቶውን ግን «ክፈፉ ደህና ነው» ብለው ታቅፈውት ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኖሪን ሻይ ቀዱልኝ። ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው መሐል ተሰቅሏል፤ ስማቸውም ከሥሩ እንዳለ ነው። የስንቱን ስም የሰረዘ እጅ ይቺን አልነካትም።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስተዋውቃታል» አሉ ኖሪን በሹክሹክታ። «‹ይቺ እኔ ነኝ› ይላል።»

«ስህተት መሆኑንስ አይነግሯቸውም?» አልኩ።

«መንገሩንማ ይነግራቸዋል። ሻያቸውን እስኪጨርሱ ግን ይጠብቃል።»

ዶክተሩ ከጓሮ ገቡ። እኔ እንዳልሠራሁት ሁሉ እጄን ይዘው ፎቶው ፊት አቆሙኝ። «ይቺ እኔ ነኝ» አሉ። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ። ሻዬ በረዶ እስኪሆን ድረስ ሳልጨርሰው ተቀመጥኩ።