የአሮጌ ፍራሾች ጠበቃ

እቃ ሲጣል አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለደብረ ብርሃኖቹ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ወይንሸት ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፌት መምህርት ሲሆኑ፣ ማንም ሳይሾማቸው የአሮጌ ፍራሽ ሁሉ ጠበቃ ሆነዋል።

አንድ ጠዋት ያረጀ የስፖንጅ ፍራሻችንን ጋሪ ላይ ጭኜ በሬሳ የሚባለው ወንዛችን ዳር ልጥለው ስወጣ፣ መንገዱ መሃል ቆመው ጠበቁኝ።

«ወዴት ነው?»

«ልጥለው ነው፣ እትዬ።»

«ወንዙ ምን በደለህ? አውርደው!»

ባለጋሪው ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ፈርቶ አወረደው። እትዬ ወይንሸት እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው ጫን ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ጨርቁን ቀደዱት። መሃሉ ሻግቷል፤ ዳርና ዳሩ ግን ደህና ነው። «ይሄ እኮ ነፍስ አለው!» አሉና መቀሱን እኔው እጅ ላይ አስቀመጡ። ግማሽ ቀን ስቆርጥ ዋልኩ።

ግቢያቸው ውስጥ ደህናው ስፖንጅ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የሽቦ ፍራሽ ሲገኝ ሽቦው ለቆራሌው ነው። የሻገተውንና ትኋን የገባበትን ብቻ ጠፍረው አስረው ለቆሻሻ መኪና ያስረክባሉ። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖረው ሌይላ አብራቸው ትሰፋለች፤ ትራሱም መቀመጫውም ወደ መጠለያው ይሄዳል።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸውን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ አንኮበር ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እኔ ቤት አመጣሁት። ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ይጮኻል፤ ስናስተኛው ጀርባው ይቆስላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ እያየ ተኛ። መብላትም ተወ።

እትዬ ወይንሸት ሊጠይቁ መጡ። እንደ ሌላው ጠያቂ ብርቱካን አልያዙም፤ የያዙት ሜትር ነው። ወንበሩን ለኩ፣ አባቴን ለኩ፣ የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቀው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ከሌይላ ጋር ተመለሱ፤ በሚያመው በኩል ጎድጎድ ያለ ወፍራም መቀመጫ ሰፍተው።

ደግፈን በረንዳው ላይ አስቀመጥነው። ሕመሙን እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ። ሕመሙ ቀረ። ዓይኑን ገልጦ መንገደኛውን ብዙ ሲያይ ቆየና፣ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» አለ። እኔ እንባዬን እንዳያይብኝ ዞር አልኩ።

ከዚያ እጁን ዘርግቶ መረቃቸው፦ «እንዳሳረፍሽኝ እግዜር ያሳርፍሽ!»

እትዬ ወይንሸት ክው አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ በቁሜ ይሁን!»

አባቴ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እኔም እግዜር ምርቃቱን በደህናው በኩል ብቻ እንዲሰማው በሆዴ ለመንኩ፤ እኚህን ሴትዮ ገና አልጠገብናቸውም።